ስለ እግር መንገዳችንና ስለ ነፃው ካርታ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



የሒሳቡ ሪፖርት ረዘም ያለ ስለ ነበረ፣ ቡናውም እየተቆላ ስለ ሆነ፣ ብዙ አላደክማችሁም። የምናገረው ስለ ካርታ ነው። «እድርና ካርታ ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሚያገናኛቸው መንገድ ነው፤ ይኸውም በመኪና የሚኬደው ሳይሆን በእግር የሚኬደው መንገድ ነው።

እድር የእግር ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ተነሥተን የምንሄደው በእግራችን ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ወደ ለቅሶው ቤት ሲሄድ፣ ባጃጁ እስከሚደርስበት ድረስ ቢጫን እንኳ፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ መንገድ የትከሻ ናት። ሟቹም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሆነ ወደ መስጊድ፣ ከዚያም ወደ መካነ መቃብሩ የሚሸኘው በሰው ትከሻ ነው። እኛ የሰፈሩ ሰዎች እነዚህን መንገዶች በጨለማም አንስታቸውም። በየትኛው አጥር ሥር እንደሚታለፍ፣ የትኛው የእንጨት ድልድይ በክረምት እንደማይታመን፣ የትኛው ጭቃ ጫማ እንደሚያስቀር ልጆቻችን ጭምር ያውቃሉ። የሚቸግረው ለእንግዳ ነው።

እንግዳው ማነው ቢባል፣ ከጅማ የመጣ ዘመድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ወንድም ነው፤ ካገር ከወጣች ብዙ ዓመት የሆናት፣ እናቷ ታርፋ የመጣች ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጅማ አጋሮ ደግሞ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ሲመጣ መንገዱ አይጠፋበትም፤ አስፋልቱ ይመራዋል፣ ሾፌሩም ያውቃል። የሚጠፋበት ከመናኸሪያ ከወረደ በኋላ ባለችው በመጨረሻዋ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ስልክ ይደውላል፤ «ወፍጮ ቤቱን አልፈህ ትልቁ ዋርካ ጋ ስትደርስ ወደ ታች ታጠፍ፤ ከዚያ ሰው ጠይቅ» ይባላል። ወፍጮ ቤቱ እኮ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ዋርካውም ተቆርጧል፤ እኛ ግን ስሙን አልተውነውም። ለእኛ ዋርካው አሁንም በዚያው ቆሟል፤ እንግዳው ግን የሌለ ዛፍ ሲፈልግ ይዞራል።

ቀብር ደግሞ ሰው አይጠብቅም። በእስልምና ሥርዓት ሟቹ ሳይውል ሳያድር መቀበር ስላለበት፣ ከሩቅ ለሚመጣ ዘመድ ያለችው ጊዜ የጥቂት ሰዓታት ናት። በክርስቲያኑም ዘንድ ቢሆን ጸሎተ ፍትሐቱ በተያዘለት ሰዓት ይጀመራል። በሰፈር ውስጥ ግማሽ ሰዓት የዞረ ሰው የአባቱን አፈር ሳያለብስ ሊቀር ይችላል። ይህ በኋላ በገንዘብም በይቅርታም የሚመለስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ነገሩ የዘመናዊነት ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትንቁብኝ እለምናለሁ።

ታዲያ ዛሬ አብዛኛው እንግዳ በኪሱ ስልክ ይዟል፤ በስልኩም ላይ ካርታ አለ። ካርታው ለምን አይመራውም? መልሱ አጭር ነው፤ ካርታው የሚያውቀው ሰው የነገረውን ብቻ ነው። ሳተላይት ከላይ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሰፊውን መንገድና የቆርቆሮውን ጣሪያ አጥርቶ ያሳያል። በቡናው ውስጥ የሚያልፈውን ቀጭን መንገድ ግን ከላይ ሊያየው አይችልም፤ መንገዱ ያለው በዋንዛው፣ በሰሳውና በብሳናው ጥላ ሥር ነውና። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚታተመው የተለመደው ካርታም ቢሆን መጠኑ 1:50,000 ነው። ይህም ማለት በምድር ላይ ያለው 1 ኪሎ ሜትር በወረቀቱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ከዋናው መንገድ እስከ አንድ አባላችን ደጅ ያለች የ200 ሜትር የእግር መንገድ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ትሆናለች፤ የአንድ የቡና ፍሬ ግማሽ እንኳ አትሞላም። ያን ካርታ የሠሩት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም፤ የሠሩት ለሌላ ጉዳይ ነው። የለቅሶ መንገድ የሚፈልግ ሰው ሌላ ካርታ ያስፈልገዋል ለማለት ነው።

ያ ሌላው ካርታ አለ። ስሙ ኦፕን ስትሪት ማፕ ይባላል፤ እኔ በአጭሩ ነፃው ካርታ እለዋለሁ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት በሚባል እንግሊዛዊ አነሣሽነት ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የመንግሥቱን የካርታ መረጃ ለመጠቀም ገንዘብ መክፈልና ፈቃድ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሰዎች መንገዱን በእግርና በብስክሌት እየሄዱ፣ በጂ.ፒ.ኤስ. እየለኩ፣ የራሳቸውን ካርታ በጋራ ይሠሩ ጀመር። ዛሬ ካርታው ዓለምን በሙሉ የያዘ ሲሆን፣ ማንም ሰው ተመዝግቦ የሚያውቀውን ሊጨምርበት፣ የተሳሳተውንም ሊያርም ይችላል።

አሠራሩን ስትመለከቱት ከእድር ብዙም የራቀ አይደለም። በእድር ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ የተዋጣው የማንም የግል ሀብት አይደለም፤ የሚያስፈልገው ዕለት ግን ለሁሉም ይደርሳል። በዚህ ካርታም መዋጮው ገንዘብ ሳይሆን ዕውቀት ነው። አንዱ መንገዱን ያዋጣል፣ ሌላው ድልድዩን፣ ሌላው የጤና ጣቢያውን ስም። ነገር ግን ያላዋጣ ሰፈር ምን ያገኛል? ባዶ ቦታ ያገኛል። እስቲ እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ስልካችንን ከፍተን እንመልከት። ከጅማ ወደ በደሌ የሚወስደውን ዋና መንገድ እናገኘዋለን። ከዚያ ከቤታችን እስከ እድሩ ዕቃ ቤት የምንሄድበትን መንገድ በጣታችን እንፈልግ። ከሌለ፣ ያልነገርነው እኛ ነን።

ይህን ሥራ ከእኛ በፊት የሠሩ ሰዎች አሉ። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በናይሮቢ ከተማ፣ ኪቤራ የሚባል በጣም ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት የድሆች ሰፈር አለ። ይህን የሚያህል ሰፈር በብዙ ካርታ ላይ ባዶ ቦታ መስሎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የሰፈሩ ወጣቶች ጂ.ፒ.ኤስ. ይዘው በየጉራንጉሩ እየሄዱ መንገዱን፣ ውኃ መቅጃውን፣ ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን በነፃው ካርታ ላይ አሰፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2010፣ የሐይቲ ዋና ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው የሳተላይት ፎቶግራፍ እየተመለከቱ የከተማዋን መንገዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚሁ ካርታ ላይ ሣሉ፤ ለነፍስ አድን ሠራተኞችም አገለገለ።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። በትግራይ ውስጥ፣ ከመቀሌ በስተ ምዕራብ፣ ዋና ከተማው ሀገረ ሰላም የሆነው ደጉዓ ተምቤን የሚባል ተራራማ ወረዳ አለ። በዚያ አካባቢ ለረጅም ዓመታት ጥናት ያደረጉ የቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ወረዳው የእግር ጉዞ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ከካርታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥተዋል። የእግር መንገዶቹ በመሬት ላይ ምልክት አልተተከለባቸውም። ተጓዡ የመንገዱን ፋይል ከኢንተርኔት አውርዶ በስልኩ ላይ እየተመለከተ እንዲሄድ ነው የታሰበው። ልብ በሉ! መንገዶቹን ገበሬው ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድባቸው የኖሩ ናቸው። አዲስ የሆነው እንግዳ ሊከተላቸው በሚችል መልክ መመዝገባቸው ብቻ ነው። ለቱሪስት የተደረገው ለለቅሶ ደራሽ የማይደረግበት ምክንያት የለም።

አሁን ካርታውን በገጽ ላይ ወደ ማውጣቱ ልምጣ። ከልጆቻችን መካከል በኢንተርኔት ላይ የግል ድረ ገጽ ያላቸው አሉ። እድራችን የራሱ ገጽ ባይኖረው እንኳ፣ ከእነርሱ አንዱ በኮሚቴው ፈቃድ በገጹ ላይ ቦታ ሊሰጠን ይችላል። ካርታን በገጽ ውስጥ መክተት የሚባል ነገር አለ። ይህም በግድግዳ ላይ መስኮት እንደ መክፈት ነው። ካርታው የሚቀመጠው በሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ በእኛ ገጽ ላይ የሚለጠፈው አይፍሬም የሚባል የአንድ ወይም የሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ሲሆን፣ ገጹን የከፈተ ሰው በዚያ መስኮት በኩል ካርታውን ያያል። ይህን ለማድረግ ሦስት ዘዴዎች አሉ።

የመጀመሪያው የጉግል ካርታ ነው። በኮምፒዩተር ላይ ቦታውን ከፍቶ «አጋራ» በሚለው በኩል ካርታ ለመክተት የተዘጋጀውን ጽሑፍ ገልብጦ በገጽ ላይ መለጠፍ ነው፤ ገንዘብ አያስከፍልም። አንድ የታወቀ ቦታ ለማሳየት ይበቃል። ነገር ግን ካርታው የማያውቀውን የእግር መንገድ መምራት ስለማይችል፣ እንግዳውን በሰፊው መንገድ ሊያዞረው ይችላል። ማይ ማፕስ በሚባለው ክፍሉ በእጅ መስመር መሣል ይቻላል። ፕሮግራም ለሚጽፉ ልጆቻችን የተዘጋጀው አገልግሎት ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የክፍያ ካርድ ማስመዝገብን ስለሚጠይቅ፣ ለእንደ እኛ ዓይነት ማኅበር አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው በራሱ በኦፕን ስትሪት ማፕ ገጽ ላይ ያለው ነው። እዚያም «አጋራ» የሚል አለ፤ አንድ ምልክት የተተከለበት ካርታ ይሰጣል። የመንገድ መስመር ግን አይሣልበትም።

ሦስተኛውና ለእኛ ጉዳይ የሚስማማው ዩማፕ የሚባለው ነው። ይህ በነፃው ካርታ ላይ የራስን መስመርና ምልክት ደርቦ ለመሣል የሚያገለግል ሲሆን፣ የፈረንሳይ የኦፕን ስትሪት ማፕ ማኅበር ለሕዝብ አቅርቦታል። በስልክ የተመዘገበ መንገድ ጂ.ፒ.ኤክስ. በሚባል ፋይል ተቀምጦ ወደዚያ ሊገባ ይችላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ መንገድ ቀለም ይሰጣል፤ በየመታጠፊያው አጭር ማስታወሻ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «ከዚህ ወዲያ ባጃጅ አይገባም» ወይም «በክረምት በላይኛው ድልድይ ይሂዱ» ተብሎ። በመጨረሻም የሚከተተውን ጽሑፍ ራሱ ያወጣል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሳይመዘገቡ የሠሩት ካርታ የሚታረመው በምስጢር በሚሰጥ አድራሻ ብቻ ስለ ሆነ፣ አድራሻው ከጠፋ ካርታው እንደ ተቆለፈ ይቀራል። ስለዚህ ካርታው በእድሩ ስም ተመዝግቦ፣ የይለፍ ቃሉ እንደ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከጸሐፊውና ከሌላ አንድ የኮሚቴ አባል እጅ ይሁን። አንድ ወጣት ብቻ ይዞት ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ምን ልናደርግ ነው?

ስለ ኢንተርኔቱ ወጪም መናገር ያስፈልጋል። ካርታው አንድ ወጥ ሥዕል አይደለም፤ ትናንሽ ካሬ ሥዕሎች ጎን ለጎን እየተገጣጠሙ የሚያሳዩት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ መላው ዓለም በ1 ካሬ ይታያል፤ አንድ ደረጃ ቀረብ ሲባል 4 ካሬ፣ ቀጥሎ 16፣ ከዚያ 64 እያለ በ4 እየተባዛ ይሄዳል። ሰፈር በደንብ በሚታይበት በ16ኛው ደረጃ አንዷ ካሬ በእኛ አገር 600 ሜትር ያህል ትሸፍናለች። እንግዲህ ካርታው ሰፈራችንን አቅርቦ እንዲከፈት ከተደረገ ስልኩ ጥቂት ካሬዎችን ብቻ ያወርዳል። ኢትዮጵያን በሙሉ እያሳየ ተከፍቶ እንግዳው በጣቱ አጋሮን እንዲፈልግ ከተተወ ግን ብዙ ካሬ በከንቱ ይወርዳል፤ የካርድ ሒሳቡም ያልቃል። ከካርታው በላይ ደግሞ ተራ የካርታ ፎቶግራፍና የአምስት መስመር የጽሑፍ መግለጫ ይቀመጥ፤ ኔትዎርኩ ሲደክም እርሱ ይበቃል።

መስኮት ነው ብያለሁና፣ ባለቤቱ በሩን የዘጋ ቀን መስኮታችንም እንደሚጨልም አትርሱ። ስለዚህ የየመንገዱ ፋይል በእድሩ ኮምፒዩተር ወይም ፍላሽ ላይ ይቀመጥ፤ ካርታውም በወረቀት ታትሞ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ከዚህ የሚበልጥ ዘዴም አለ። በገጻችን ላይ የምንሥለው መስመር የሚታየው በገጻችን ላይ ብቻ ነው። በነፃው ካርታ ላይ ራሱ ያሰፈርነው መንገድ ግን በዚያ ካርታ በሚሠሩት ሁሉ ላይ ይወጣል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚባሉት የስልክ ፕሮግራሞች ካርታቸውን የሚወስዱት ከእርሱ ሲሆን፣ አስቀድሞ የወረደ ካርታ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አዲስ አበባ ሳለ ያወረደ ሰው አጋሮ ደርሶ ኔትዎርክ ቢጠፋም መንገዱን ያገኛል።

መንገዱን መመዝገብ እንዴት ነው ቢባል፣ መሄድ ነው። በኦስምአንድ ላይ መመዝገቢያውን ከፍቶ ስልኩን በእጅ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚሰጠውን የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበር፣ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ሰማይ በግልጥ በሚታይበት ቦታ የአንድ ተራ ስልክ ስሕተት 5 ሜትር ያህል ነው። በዛፍ ጥላ ሥርና በግንብ አጠገብ ግን ይጨምራል። የእኛ መንገድ ደግሞ ጥላ የበዛበት ስለ ሆነ፣ አንዱ መንገድ በመሄድም በመመለስም ሁለት ጊዜ ይመዝገብ፤ በየመታጠፊያውም ጥቂት ቆም ይባል። ሁለቱ መስመሮች ከተራራቁ እውነቱ በመካከላቸው ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ግን መንገዱን የሚያውቁ አዛውንት ይስጡ።

የጉዞውን ጊዜም መጻፍ ይገባል፤ ለእንግዳ ከርቀቱ ይልቅ የሚጠቅመው ሰዓቱ ነውና። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይያዛል። በዚህ መሠረት 60 ሜትር ሽቅብ ያለበት የ2 ኪሎ ሜትር መንገድ 24 ደቂቃና 6 ደቂቃ፣ በድምሩ 30 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን ለጤነኛ ሰው፣ በደረቅ መንገድ ነው። ለሐምሌ ጭቃና ለአሮጊት እናቶቻችን ከዚህ በላይ ጨምረን መጻፍ አለብን።

አሁን ደግሞ መጠንቀቅ ስለሚገባን ነገር ልናገር፤ እዚህ ላይ በጥሞና እንድታዳምጡኝ እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ የሰው ቤት የሰው ነው። በነፃው ካርታ ላይ መንገድ፣ ድልድይ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ወፍጮ ቤት ይጻፋል፤ የግለሰብ ስምና «የእገሌ ቤት» የሚል ግን አይጻፍም። የካርታው ማኅበር ደንብም ይህንኑ ይላል። ለቅሶ ሲሆን የሐዘኑ ቤት ምልክት በእድሩ ገጽ ላይ ብቻ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ይተከል፤ ድንኳኑ ሲነሣ ምልክቱም ይነሣ። ድንኳን ነቅለን ምልክቱን ትተን ብንሄድ፣ ሐዘንተኛ ሴት ብቻዋን የምትኖርበትን ቤት ለማያውቀን ሁሉ አሳየን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በሰው ግቢና በሰው ቡና ውስጥ የሚያልፍ መንገድ አለ። ባለይዞታው ለጎረቤት ብሎ በቸርነት ያሳልፋል እንጂ ለአገር ሁሉ አልከፈተውም። ስለዚህ ሳይጠየቅ አይሣል። ከተከለከለም አንከራከር፤ በካርታው ላይ «የግል» ተብሎ የሚመዘገብበት ሥርዓት አለ። ደግሞም ይህ ካርታ የይዞታ ማስረጃ አይደለም። «መንገዱ በካርታ ላይ አለ» ብሎ አጥር የሚነቅል፣ ወይም «በካርታ ላይ የለም» ብሎ የቆየ መተላለፊያ የሚዘጋ ሰው ቢኖር፣ ካርታው አይፈርድለትም። የድንበር ነገር የሚታየው በሽማግሌና በሕግ ነው።

ሦስተኛ፣ ነፃ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሠራበት ውል እንደሚለው፣ ካርታውን በገጹ ላይ የሚያወጣ ሁሉ ከኦፕን ስትሪት ማፕ አዋጪዎች የተገኘ መሆኑን መጻፍ አለበት። ከዚያች ትንሽ ጽሑፍ በቀር ሌላ ክፍያ አልተጠየቅንምና፣ ገጹ እንዲያምር ብለን እንዳንደመስሳት። እንዲሁም ከጉግል ወይም ከሌላ ካርታ እየገለበጡ ወደ ነፃው ካርታ ማስገባት ክልክል ነው። የምናዋጣው በእግራችን ሄደን ያየነውን ብቻ ነው።

አራተኛ፣ የቦታ ስም ነው። አንዱ ቦታ በኦሮምኛ አንድ ስም፣ በአማርኛ ሌላ አጠራር ሊኖረው ይችላል። ካርታው ለአንድ ቦታ በየቋንቋው ስም ለመጻፍ ቦታ አለው። ሁለቱንም እንጻፍ፤ «የትኛው ይቅደም» በሚል ክርክር ሥራው እንዳይቆም። የድሮውን ስምም አንጣለው። ዋርካው ቢቆረጥም ሰው «ዋርካው» የሚል ከሆነ፣ እንግዳው ስልክ ላይ የሚሰማው እርሱን ነውና በማስታወሻ ይጻፍ።

አንዳንድ አባቶች «ይህ ሁሉ ሲሆን ጥሩምባ ሊቀር ነው» ብለው እንደሚሰጉ ሰምቻለሁ። አይቀርም። ጥሩምባ ሰውን ይቀሰቅሳል፤ ካርታ ሰውን አይቀሰቅስም። መናኸሪያ ድረስ ሄዶ እንግዳ የሚቀበል ልጅም አይቀርም፤ ለሐዘንተኛ የሰው ፊት ማየት ከማንኛውም መስመር ይበልጣል። ነገር ግን አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት አውቶቡስ ሊቀበል አይችልም፤ ሌሊት የደረሰውንም ላያገኝ ይችላል። ካርታው የሚያገለግለው ልጁ ላልደረሰለት ሰው ነው።

እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከወጣቶች ሦስት፣ ሰፈሩን ከጥንት ከሚያውቁ አዛውንት ሁለት፣ በድምሩ አምስት ሰዎች ይመረጡ፤ ከአምስቱም ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ወደ ውኃና ወደ ገበያ የሚወስደውን አቋራጭ ከሁላችን አብልጠው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ አራት መንገዶችን ብቻ ይመዝግቡ፤ ከመናኸሪያ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት፣ ከዕቃ ቤቱ ወደ ሰፈሩ ዳር፣ ከሰፈሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር፣ ከሰፈሩም ወደ ሙስሊሙ መቃብር። ሐምሌ ሲገባ ያንኑ መንገድ እንደገና ይሂዱበትና ጭቃው የዘጋውን ለይተው ይጻፉ። ለካርታው ገንዘብ አንከፍልም፤ የሚያስፈልገው የኢንተርኔት ካርድና የወረቀት ማተሚያ ዋጋ ነው፤ ይህንንም ገንዘብ ያዡ አስልቶ ለኮሚቴው ያቅርብ። ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ካርታውን ሰፈሩን ለማያውቅ አንድ ሰው ሰጥተን፣ ማንንም ሳይጠይቅ ዕቃ ቤታችን መድረስ አለመድረሱን እንፈትነው። ካልደረሰ ካርታው ይታረማል።

የዚህ ሰፈር መንገድ ዛሬ የተጻፈው በአዛውንቶቻችን ልብ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ከመካከላችን የሚለዩንን እናውቃለን፤ የዘንድሮውም ዝርዝር ቅድም ተነቧል። ከእያንዳንዳቸው ጋር የአንድ አቋራጭ፣ የአንድ ምንጭ፣ የአንድ ድሮ ስም ዕውቀት አብሮ ወርዷል። የቀሩትን በሕይወት ሳሉ ይዘናቸው በመንገዱ ላይ እንሂድ፤ እነርሱ ይንገሩን፣ ልጆቹ ይመዝግቡ።

ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ። ጥያቄ ያለው ቡናው ላይ ያግኘኝ፤ ለመመረጥ ፈቃደኛ የሆነም ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ። ፈጣሪ ሁላችንንም ከክፉ ይሰውረን፤ ያዘኑትን ያጽናና።